ስለ ግሪንሃርት እንጨት፣ ሙያውን ለምትጀምሩ ልጆች

ልጆቼ፣ ከ40 አመት በላይ የኖርኩት በእንጨት ስራ ነው፣ አብዛኛውን ደግሞ ወደብ ላይ፣ ውሃ ውስጥ የሚቆም ምሰሶ ስንሰራ። አሁን ብዙዎቻችሁ እንጨት ስትመርጡ ቀለሙንና ዋጋውን ብቻ ነው የምታዩት፣ እኔም በናንተ እድሜ እንደዛው ነበርኩ፣ ግን ጠባዩን ሳታውቁ መጋዝ አታስነኩት። ይሄን ያስተማረኝ ግሪንሃርት ነው።

ዛፉ በዋናነት የሚበቅለው ደቡብ አሜሪካ፣ ጉያና ዝናባማ ደን ውስጥ ነው። ቀጥ ብሎ 30 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ እንጨቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው፣ ቡኒ የሚሆንበትም አለ። ደርቆ እንኳን አንድ ሜትር ኩቡ ወደ 1 ቶን ይመዝናል፣ ስለዚህ እርጥቡን ግንድ ውሃ ላይ ብትጥሉት ይሰምጣል። ባህር ውስጥ የሚቆም እንጨትን ቴሬዶ የሚባል ፍጥረት ይቦረቡረዋል፣ ሰው ትል ይለዋል እንጂ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው፣ ከውጪ ደህና የሚመስል ምሰሶ ትሰነጥቁና ውስጡን ወንፊት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግሪንሃርት ግን ውስጡ መራራ ኬሚካል አለው፣ በተለይ ቀዝቃዛ ባህር ላይ ለረጅም አመት ይቆማል። ከቅርፊቱ የሚወጣው ቤቢሪን የሚባል መራራ ነገር ዱሮ በኩዊኒን፣ በወባ መድሃኒቱ ማለት ነው፣ ፋንታ ለትኩሳት ይሰጥ ነበር።

መጀመሪያ ግንዱን ልንሰነጥቅ ስንል አለቃችን ሰንሰለት አምጡ አለ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ አፍሬም አልጠየቅኩም። መጋዙ ግማሽ ላይ ሲደርስ እንጨቱ እንደ ጥይት ጮኸና ለሁለት ተከፈለ፣ ያኔ የያዘው ሰንሰለቱ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ የቆምኩት ልክ በሚበረግድበት በኩል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ዛፉ ሲያድግ ውስጡ ውጥረት ይዞ ነው የሚያድገው፣ ስትቆርጡት ያ ሁሉ ውጥረት ባንዴ ይለቀቃል። ስለዚህ መጋዙ ካለፈበት በኋላ ያለው ግንድ በሰንሰለት ይታሰራል። ያልገባችሁን ጠይቁ እባካችሁ፣ የኔ እግር የዳነው በሰው ጥንቃቄ ነው። ስንጥሩም ከገባ ያመረቅዛል ቶሎ አውጡት፣ ብናኙም ሳንባ ያስቆጣል፣ ያለ ማስክ አትግቡ።

ግን ጠንካራ እንጨት ብቻውን ስራ አይሰራም። ፍራም የምትባለው የኖርዌይ መርከብ ሰውነቷ በግሪንሃርት ተሸፍኖ በ1893 (አመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሰሜን ዋልታ በረዶ ገባች፣ ሆዷ ክብ ሆኖ ስለተሰራ በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ እየገፋት በ1896 በሰላም ወጣች። ኢንዱራንስ የምትባለው መርከብም ግሪንሃርት ለብሳ ነበር፣ ቅርጿ ግን እንደዛ አልነበረም፣ በ1915 አንታርክቲካ ላይ በረዶው ጨፍልቆ አሰመጣት። በ2022 ስትገኝ 3008 ሜትር ጥልቀት ላይ ነበረች፣ እንጨቷ ብዙ አልተበላም፣ እሱም እዛ ቀዝቃዛ ባህር ውስጥ እንጨት የሚቦረቡረው ፍጥረት ስለማይኖር ነው።

ይሄ ዛፍ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ለመደርደሪያና ለጠረጴዛ ስታዙት አዝናለሁ፣ እሱን ሌላ እንጨትም ይሰራዋል፣ ግሪንሃርትን ውሃና ጭነት ላለበት ቦታ ተዉት። ካስፈለጋችሁም መጀመሪያ ከፈረሰ ወደብ የተነቀለ አሮጌ ምሰሶ ፈልጉ፣ ሚስማርና ብሎን ካለበት በደንብ ፈትሹና አውጡ፣ ከዛ የጠቆረውን ውጪውን ላጡት፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።