የርካሽ ሬዞኔተር ጊታር ሆድ ዕቃ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ ርካሽ ሬዞኔተር ጊታር አለኝ። ገላው እንጨት ነው፤ ደረቱ ላይ የተበሳሳ ክብ የብረት ክዳን አለው። ድምፁ ዝናብ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ነው። ሦስተኛውን ክር ስመታ ደግሞ ውስጡ የሆነ ነገር ይንጣጣል። በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ አዲስ ኮን (ከክዳኑ ስር ያለውን፣ ድምፁን የሚያጎላውን ስስ የአሉሚኒየም ሾጣጣ) ላስመጣ አስቤአለሁ። የትኛውን ልዘዝ?

መልስ፦ ከማዘዝዎ በፊት ይክፈቱት። ኮን በዓይነትም በስፋትም ይለያያል፤ የተሳሳተው ከመጣ መመለሻ የለውም። ክዳኑን ሲያነሱ ኮኑ እንደ ባርኔጣ ወደ ላይ ሾጥጦ፣ ጫፉ ላይ ብስኩት የምታክል ክብ እንጨት ተቀምጣ ካዩ የእርስዎ “ቢስኪት” የሚባለው ነው። የተለመደው ስፋቱ 9.5 ኢንች ማለትም 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኮኑ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ታች ገብቶ፣ በላዩ ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ቅርጽ ብረት ከተዘረጋ ደግሞ “ስፓይደር” ነው፤ የዚህኛው 10.5 ኢንች ወይም 26.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቢሆንም ኮኑን ራሱንም የሚቀመጥበትን ጉድጓድም በማስመሪያ ይለኩ። ርካሽ ጊታሮች ላይ የ2 ሚሊ ልዩነት ብርቅ አይደለም።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) ካለዎት አንደኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተሰኩት ብረቶች የመጀመሪያው ላይ ይሰሩት፤ ክሮቹ ከመቃኛው አይበተኑም። ስድስቱንም በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላሉ ይፍቱ፤ አንዱን ፈትቶ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጥሩ አይደለም። የክሮቹን ጅራት የያዘውን ብረት ከነክሩ አንስተው ወደ ጎን ያድርጉት። የክዳኑን ብሎኖች በትክክለኛው ካቻቢቴ ይፍቱ፤ ጭንቅላታቸው ለስላሳ ስለሆነ ካቻቢቴው ካነሰ ይበላቸዋል። ካርቶን ላይ ክብ ስለው እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩት፤ ሲመልሱ ወደየቀዳዳው ይገባል። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ ባዶውን የሚሽከረከር ከሆነ ስቴኪኒ የእንጨት ኮላ ነክረው ያስገቡ፤ ሲደርቅ አፉን ቆርጠው ብሎኑን ይመልሱ። የሚንጣጣው ነገር አንዳንዴ ይኸው የላላ ብሎን ብቻ ነው።

ኮኑን ሲያነሱ ቢስኪቱን ይዘው አይጎትቱ። ጠርዙ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ስስ ቢላ ዙሪያውን እያስገቡ ያላቁት። ከወጣ በኋላ የመስኮት መስታወት ላይ ጠርዙን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡትና ዙሪያውን በጣትዎ ጫፍ መታ መታ ያድርጉ። ሞልቶ የተቀመጠበት ቦታ ዝም ይላል፤ ከፍ ያለበት “ጢቅ” ይላል። ከዚያ ጊታሩ ውስጥ መልሰው ያንኑ ይድገሙ። መስታወት ላይ ዝም ያለው ጊታሩ ውስጥ ጢቅ ካለ ጥፋቱ የኮኑ ሳይሆን የተቀመጠበት የእንጨት ደፍ ነው። የምናያቸው ርካሽ ጊታሮች ችግር በአብዛኛው ይሄ ነው፤ ደፉ ሳይስተካከል ውድ ኮን ቢገባበትም መንጣጣቱ ይቀጥላል። በበገና ላይ እንዚራ የሚገባው ንዝረቱ ስለሚፈለግ ነው፤ እዚህ ግን ማንም አልፈለገውም።

ደፉን ለማስተካከል ከጉድጓዱ 3 ሚሊ የሚያንስ ክብ ኮምፔንሳቶ ያስቆርጡ፤ ኮምፔንሳቶው ራሱ ያልተጣመመ ይሁን። ከስሩ ቁጥር 120 የብርጭቆ ወረቀት ይለጥፉና ሳይጫኑ ያሽከርክሩት። ደፉ ላይ አስቀድመው በእርሳስ ካሰመሩ፣ መስመሩ ዙሪያውን እኩል ሲጠፋ ያቁሙ። ከዚያ በላይ መፋቅ ኮኑን ዝቅ ያደርገዋል፤ ክሮቹም አብረው ይወርዳሉ። ዱቄቱን በደንብ ጠርገው ያውጡ። ኮኑን በኮላ ማጣበቅ ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። የክሮቹ ጫና ራሱ ይይዘዋል፤ ከተጣበቀ ጠርዙ ነፃ ሆኖ አይንቀጠቀጥም።

ገንዘቡን በቅደም ተከተል ያውጡት፦ መጀመሪያ አዲስ ክር፣ ቀጥሎ ቢስኪትና ሳድል (ቢስኪቱ ላይ የቆመችው፣ ክሮቹ የሚያርፉባት ቀጭን ድልድይ)፣ ኮን በመጨረሻ። የፋብሪካው ሳድል ብዙ ጊዜ ለስላሳ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ነው፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኮኑ ከማሳለፍ ይልቅ ይውጠዋል። በጠንካራ ሜፕል ሲቀየር ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ይሰማል። ሳድሉ ቢስኪቱ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይግባ፤ በእጅ የሚወዛወዝ ከሆነ አልሆነም። የክሩ መቀመጫ ጥልቀት የክሩን ውፍረት ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ከጠለቀ ክሩ ይታፈናል። ቢስኪቱን ከኮኑ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን ሲይዝ ያቁሙት፤ ከዚያ በላይ ካጠበቁት የኮኑ ጫፍ ይጎደጉዳል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ድምፁ አሁንም ቆርቆሮ ከሆነ ኮኑን ያስመጡ። ዘመድዎ ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሃል እንዳይከተው ይንገሩት፤ ብረት ድስት ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ይምጣ። አንዴ የተጨማደደ ኮን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ነው የምጽፍላችሁ። ኮን ከውጭ ከማስመጣት መርካቶ ድስት ሠሪዎች ጋ ሄጄ በአሉሚኒየም ባሠራስ?

መልስ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። የድስት አሉሚኒየም ውፍረቱ 1 ሚሊና ከዚያ በላይ ነው፤ ኮን ከዚያ በእጅጉ የሳሳ ነው። ጥሩ ኮን ማሽን ላይ እየተሽከረከረ ቅርጽ ሲይዝ ብረቱ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ስስ ሆኖም ጫና ይችላል። ወፍራሙን ግን የክሩ ጉልበት አያንቀሳቅሰውም። ጆን ዶፕዬራ በ1920ዎቹ ይህን ጊታር የፈጠረው ኤሌክትሪክ ማጉያ ሳይስፋፋ ድምፁን ከኦርኬስትራ በላይ ለማሰማት ነበር፤ ድምፁን የሚያጎላው ያው የኮኑ ቅለት ነው።

እዚሁ የሚሠራውስ? ሳድል ይሠራል። ሜፕል ካላገኙ በደንብ የደረቀ ወይራ ይሞክሩ፤ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የክሩን ፍትጊያ ይችላል። ዋንዛ ለክራር ገላ እንጂ ለዚህ ይለሰልሳል። ነቱን (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበትን ዘንግ) ደግሞ ሥጋ ቤት ከሚጣለው የበሬ ቅልጥም መሥራት ይቻላል። መቅኒውን አውጥተው በሳሙና ውኃ ለቀናት ይዘፍዝፉት፤ ስቡ ሲለቅ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። በሴጌቶ ቆርጠው በሞረድ ያስተካክሉ። ስቡ ሳይወጣ ከተሠራ ቢጫ ሆኖ ይሸታል። ሲሞርዱ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ የአጥንት ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው።

ጥያቄ፦ ከቡራዩ። ኮንና ሳድል ቀይሬ ድምፁ አምሯል። አሁን ግን 12ኛው ፍሬት ላይ ስጫን ቅኝቱ ይሸሻል። ቅኝቴ ኦፕን ጂ ነው (ክፍት ክሮቹ ሲመቱ የጂ ኮርድ ይሰጣሉ)፣ ትዝታ በስላይድ፣ ማለትም ክሩ ላይ በሚንሸራተት የብርጭቆ ቱቦ መጫወት ነው የምፈልገው። ወፍራም ክር ላስገባ?

መልስ፦ ክሩን ይተዉት። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነክተው የሚያወጡትን ድምፅና ተጭነው የሚያወጡትን በመቃኛ መሣሪያ (ቱነር) ያነጻጽሩ። የተጫኑት ከፍ ካለ ሳድሉ ወደ ጅራቱ መሸሽ አለበት። ኮኑ ስላልተጣበቀ ክሩን አላልተው ከነቢስኪቱ ጥቂት ያዙሩት፤ የወፍራሞቹ ክሮች ወገን ወደ ጅራቱ ይጠጋ። የክሩ ርዝመት 635 ሚሊ ተብሎ በተሠራ ጊታር ከነት እስከ 12ኛው ፍሬት 317.5 ሚሊ ነው፤ ከፍሬቱ እስከ ሳድል ግን በቀጭኑ ክር 2 ሚሊ ያህል፣ በወፍራሙ ከዚያም በላይ ይረዝማል። በስላይድ ብቻ የሚጫወቱ ከሆነ ይህን ሁሉ መተው ይችላሉ፤ ድምፁን የሚወስነው ብርጭቆው ያረፈበት ቦታ ነው።

ለኦፕን ጂ ውፍረቱ ከ13 እስከ 56 (በኢንች ሺህኛ) የሆነው ክር ይበቃል፤ ሦስቱ ክሮች ከተለመደው ቅኝት ወደ ታች ስለሚወርዱ ኮኑ አይጨነቅም። በዚሁ ክር ወደ ኦፕን ኤ ከፍ ካደረጉት ግን አዲሱ ኮን ሊሰምጥ ይችላል።

የጂ ትዝታ ሜጀር ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ነው። ጂ፣ ቢና ዲ ክፍት ክሮቹ ላይ አሉልዎ። ኤን ሦስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ፣ ኢን አንደኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያገኛሉ። ሁለተኛውን ክር ግን እዚያው ፍሬት ላይ አይንኩት፤ ሲ ሻርፕ ይሰጥና ከትዝታ ያስወጣዎታል። ስላይዱ በፍሬቶቹ መሃል ሳይሆን ልክ በፍሬቱ ብረት አናት ላይ ይረፍ፤ ከኋላው ያሉት ጣቶች ክሩን ነካ አድርገው ያፍኑት።