የባጃጅ ስቲከር ፊደል ጫፉ ለምን ይነሣል?

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሦስት ነገር ነው፤ ባጃጅ ላይ የለጠፍከው ፊደል በሁለት ሳምንት ጫፉ ይነሣል፣ መሐሉ አየር ይቋጥራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከማንሻ ቴፑ (ፊደሉን ከወረቀቱ አንሥቶ ባጃጁ ላይ ከሚያሳርፈው ቴፕ) ጋር ተያይዞ ይመለሳል። ስቲከሩን ከመቀየርህ በፊት ላሜራውን ተመልከት። ሦስቱም በብዛት ከዚያ ነው የሚጀምሩት።

ከጎንደሯ አዘዞ አቧራ ይልቅ የሚጎዳህ አጣቢዎች የሚቀቡት የሚያብለጨልጭ ፖሊሽ ነው፤ ሙጫ ፖሊሽ ላይ አይዝም። መጀመሪያ በላርጎ እጠበውና ይድረቅ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ 70 በመቶ አልኮል አርሰህ ጥረግ፤ አልኮሉ በራሱ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ነጭ ጨርቅ አንሣው። እንዲሁ ተንኖ እንዲደርቅ ከተውከው ቅባቱ እዚያው ተመልሶ ይቀመጣል። ደረቁ ጨርቅ ላይ ጥቁር ማየትህ እስኪቀር ድረስ ጨርቁን እየቀየርክ ድገመው። በናፍጣ አትጥረግ፣ ራሱ ቅባት ጥሎ ይሄዳል። ባጃጁ በቅርብ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ካልደረቀ ቀለም የሚወጣው ትነት ከስቲከሩ ሥር አረፋ ይሠራል።

ብርዱን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ጎንደር ውስጥ ደጅ ያደረ ላሜራ ጤዛ ይዞ ነው የሚያድረው። ከ10 ዲግሪ በታች ሙጫው ይደነድናል፤ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ለጥምቀት ይድረስልኝ የሚለው ሲበዛ ከንጋቱ 12 ሰዓት መጀመር ያጓጓል፤ እስከ 4 ሰዓት ጠብቅ፣ ወይም ላሜራውን እጅህ ላይ ለብ እስኪል በፎን (በፀጉር ማድረቂያ) አሙቀው። የቀትር ፀሐይ ላይም አትለጥፍ፤ ሙጫው ገና ሲነካ ስለሚይዝ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥህም፣ ስቲከሩም ይለጠጣል።

አየር እንዳይቋጥር የሚያደርገው ደግሞ አጫጫንህ ነው። የፕላስቲክ መጫኛውን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ከመሐል ወደ ዳር ግፋው። ለትልልቅ ፊደል በአንድ ሊትር ውሃ ሦስት አራት ጠብታ ላርጎ ጨምረህ ላሜራው ላይ እርጨው፤ ከዚያ በላይ ሳሙና ሙጫውን ያደክማል። በእርጥብ ከለጠፍክ ቴፑን ከማንሣትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ታገሥ። ትንንሹን ፊደል ግን በደረቁ ለጥፍ።

ቴፑን ወደ ራስህ ቀጥ አድርገህ አትሳብ። ወደ ኋላ እጠፈውና ላሜራውን እየታከከ ቀስ ብሎ ይምጣ። ፊደል ተከትሎ ከተነሣ ቁም፤ ቴፑን መልሰህ አስተኛ፣ እዚያች ፊደል ላይ በመጫኛው ሦስት አራት ጊዜ ፈትግ፣ ከዚያ እንደገና ሞክር።

የእኛ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ«ቤ»፣ የ«ሌ»፣ የ«ቴ» ቀለበት፣ «ጐንደር» ስትጽፍ የ«ጐ» ቀለበት፣ ሁለቱ ነጥብ፣ ሁሉም ሙጫ የሚይዙበት ስፋት ትንሽ ነው። የቀለበቱ መስመር ከ2 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ ገና ኮምፒውተሩ ላይ አወፍረው። የእግሮቹንም ሹል ማዕዘን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክብ አድርገው፤ የአጣቢ ጨርቅ ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው። የቀለበቱን እንብርት በወረንጦ ስታወጣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሳበው፤ ወደ ላይ ከሳብከው ቀለበቱን ይዞ ይነሣል።

ሸራው ላይ ለመለጠፍ ካሰብክ ተወው። ሸራውን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጊዜ ጋር እየወጣ ሙጫውን ያቀልጠዋል። እዚያ ላይ በቀለም ይጻፍ።

ከጨረስክ በኋላ ጠርዙን በሙሉ ለብ አድርገህ አንዴ ተጫነው፤ ለሁለት ቀንም ባጃጁ እንዳይታጠብ ለባለቤቱ ንገረው። አሁን የተነሡትን ፊደላት በሱፐር ግሉ አትመልሳቸው፣ ሥራቸው አቧራ ገብቷል። በፎን አሙቀህ አንሣቸው፣ የቀረውን ሙጫ በላምባ አስለቅቅ፣ ከዚያ ላርጎና አልኮሉን አስከትል። አዲሱን ከማስቀመጥህ በፊት ደህና በቀሩት ፊደላት እግር ሥር የወረቀት ፕላስተር ዘርጋ፤ መስመሩን እሱ ይይዝልሃል።