የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዊጄት ስልክ ያዘገያል? ባትሪና ዳታስ ይበላል?

ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ገጽ ላይ ስለሚለጠፉት የሰዓት፣ የካላንደር፣ የአየር ሁኔታና የዜና ሳጥኖች፣ ማለትም ስለ ዊጄቶች፣ ከሐዋሳ አንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም እንመልሳለን። የሴቲንግ ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ። የጠቀስነውን ቦታ ካጡት ሴቲንግ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ሱቅ አለኝ። ስልኬ 2 ጊጋ ራም ያለው አንድሮይድ ነው። ቪዲዮ ሳይ ቆይቼ ስመለስ የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ይሆንና አይኮኖቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። አምስት ዊጄት ለጥፌያለሁ። አንዱ የቤተሰብ ፎቶ ያቀያይራል፣ አንዱ ራም ያጸዳል። ችግሩ የዊጄቶቹ ነው ወይስ ስልኩ አርጅቷል?
ነጋዴ፣ መናኸሪያ

መልስ፦ ስልክዎ ራም፣ ማለትም የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ፣ አጥሮታል። ያንን ገጽ የሚያሳይዎት ላውንቸር የሚባል አፕ ነው፤ እንደማንኛውም አፕ ራም ውስጥ ቦታ ይይዛል። 2 ጊጋ ባለው ስልክ ላይ የአንበሳውን ድርሻ ሲስተሙ ራሱ ይወስደዋል፣ የቀረውን ደግሞ የከፈቱት ቪዲዮ ይሞላዋል። ቦታ ሲጠብ አንድሮይድ ከኋላ የተቀመጡትን አፖች እየዘጋ ይሄዳል፤ ተራው ሲደርስ ላውንቸሩንም ይዘጋዋል። የሆም ቁልፉን ሲነኩ ላውንቸሩ ከዜሮ ይነሳና ልጣፉን (ከኋላ ያለውን ምስል)፣ አይኮኖቹንና አምስቱን ዊጄቶች እንደገና ይደረድራል። ገጹ ባዶ ሆኖ የሚቆየው ያኔ ነው።

አምስቱ ዊጄቶች ግን እኩል አይከብዱም። ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ሳጥን ከቁጥር አይገባም። ከባዱ ፎቶው ነው። አንድሮይድ አንድ ዊጄት በምስል መልክ መያዝ የሚችለውን ልክ ወስኖለታል፤ መላውን ስክሪን ከሚሸፍን ምስል አንድ ተኩል እጥፍ አይበልጥም። 720 በ1600 በሆነ ስክሪን ላይ ይህ ወደ 7 ሜጋባይት ይጠጋል። ብቻውን ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት የፎቶ ዊጄት፣ የሚንቀሳቀስ ልጣፍና ወደ ጎን ሲገፋ የሚመጣው የዜና ገጽ ሲደመሩ ላውንቸሩ ይወፍራል፤ በተዘጋ ቁጥርም የሚጭነው ይበዛል።

የራም ማጽጃውን ዊጄት ዛሬውኑ ያንሱት። በነኩት ቁጥር ከኋላ ያሉትን አፖች ይዘጋል፤ ከደቂቃ በኋላ አብዛኞቹ ተመልሰው ይነሳሉ። እንደገና መነሳት ደግሞ ራም ውስጥ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ ፕሮሰሰርና ባትሪ ይጠይቃል። ቁጥሩ ወርዶ ሲያዩት ደስ ይላል እንጂ ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ የሚንቀሳቀሰውን ልጣፍ በተራ ፎቶ ይተኩ። የፎቶ ዊጄቱን ከወደዱት አንድ ብቻ፣ አነስ አድርገው ይተዉት። ባዶውን ቦታ ተጭነው ይዘው በሚመጣው የሆም ስክሪን ሴቲንግ ውስጥ የጎኑን የዜና ገጽ ያጥፉ። ከዚያ ስልኩን አጥፍተው ያብሩና አንድ ቀን ያለ ምንም ዊጄት ይጠቀሙበት። ደህና ከሆነ በቀን አንድ አንድ እየመለሱ ይዩ፤ የቱ ሲመለስ ገጹ ባዶ መሆን እንደሚጀምር በራሱ ይታያል። ያለ ዊጄትም ካልተሻለው ጉዳዩ የራሙ መጠን ነውና ዊጄቶቹን አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የወር ዳታ ጥቅል ገዝቼ ሳይጋመስ ያልቃል። የአየር ሁኔታ፣ የዜናና የእግር ኳስ ውጤት ዊጄቶች አሉኝ። ዳታውን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው ይሉኛል። እውነት ነው?
ተማሪ፣ ታቦር

መልስ፦ ከመፍረድዎ በፊት ይለኩ። ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ የዊጄቱ ባለቤት የሆነውን አፕ፣ በመጨረሻም ሞባይል ዳታ የሚለውን ይክፈቱ። ሁለት ቁጥር ያገኛሉ፤ አንዱ አፑን ከፍተው ሲጠቀሙ የወጣው፣ ሌላው ባክግራውንድ ማለትም ሳይከፍቱት የወጣው ነው። ዊጄት የሚበላው በዋናነት ከሁለተኛው ነው። ሦስቱን አፖች በዚህ መንገድ አይተው ድምሩን አጫጭር ቪዲዮ ከሚያዩበት አፕ ጋር ያወዳድሩት። ብዙ ጊዜ ጥቅሉን የጨረሰው ቪዲዮው ሆኖ ይገኛል።

ቢሆንም ዊጄቶቹ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። በአንድሮይድ የተለመደው የዊጄት ማደሻ መንገድ በየ30 ደቂቃው ነው፤ ከዚያ ለፈጠነ ሲስተሙ በዚህ መንገድ አይፈቅድም። በቀን 48 ጊዜ መሆኑ ነው። የዜና ዊጄት በእያንዳንዱ ዙር ከነፎቶው 300 ኪሎባይት ቢያወርድ በቀን 14 ሜጋባይት ገደማ፣ በወር ደግሞ ከ400 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ያውም አብዛኛውን ዜና ሳያነቡት። በየ6 ሰዓቱ እንዲሆን ቢያደርጉት በወር 36 ሜጋባይት ይበቃዋል። እኛን ከጠየቁን የዜና ዊጄትን ጭራሽ ማንሳት ይሻላል፤ ዜና ሲያምርዎት አፑን ይክፈቱት።

የአየር ሁኔታው ከዜናው ይቀላል፤ የሚያወርደው ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። እሱን የሚያከብደው ያሉበትን ቦታ መፈለጉ ነው። ሐዋሳ ውሎ ሐዋሳ ለሚያድር ሰው ይህ ፍለጋ ትርፍ ስለሆነ በአፑ ሴቲንግ «ሐዋሳ»ን ቋሚ ከተማ አድርገው ይምረጡና የቦታ ፈቃዱን ይንሱት። ማደሻውን በየ3 ወይም በየ6 ሰዓቱ ያድርጉት።

የኳሱን ዊጄት አንስተው በምትኩ የሚደግፉትን ቡድን ኖቲፊኬሽን ብቻ ያብሩ። ኖቲፊኬሽን የሚመጣው ጎል ሲገባ ነው፤ ዊጄቱ ግን ጨዋታ በሌለበት ማክሰኞም ይጠይቃል።

ዋይፋይ በየቀኑ የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እዚያው የሞባይል ዳታው ገጽ ላይ ባክግራውንድ ዳታ የሚለውን ያጥፉ። ዊጄቱ ዋይፋይ ሲያገኝ ይታደሳል፣ በሌላው ጊዜ የመጨረሻውን መረጃ ይዞ ይቆያል። ለባትሪም ይበጃል። ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ስልኩ ለትንሽ መረጃ እንኳ ኃይሉን ከፍ አድርጎ ይልካል፣ ልኮ ከጨረሰም በኋላ ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው የስልኩ ሬድዮ ለጥቂት ሰከንድ ነቅቶ ይቆያል። ስለዚህ 48 ትንንሽ ጥያቄዎች ከአንድ ትልቅ ይልቅ ባትሪ ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ካላንደር ዊጄቴ ጠዋት ስነሳ ትናንት ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስነካው ነው የሚስተካከለው። የበዓል ቀን ተሳስቼ አውቃለሁ። አፑን ብቀይረውም ያው ነው።
ከሐይቅ ዳር

መልስ፦ የእርስዎ ችግር ከላይኞቹ ተቃራኒ ነው፤ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ካላንደሩን አስተኝቶታል። ቀኑን የሚቀይረው አፑ ነው፤ ለመቀየር ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ለቅጽበት መንቃት አለበት። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ያለ ቻርጀር የተቀመጠ ስልክ የአፖችን ሥራ ወደ ኋላ ይገፋል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ የራሳቸውን ጥብቅ ቁጥጥር ይጨምሩበታል።

ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የካላንደሩ አፕ፣ ባትሪ ብለው ይግቡና አንሪስትሪክትድ (ያልተገደበ) የሚለውን ይምረጡ። ስልክዎ አውቶስታርት የሚባል ዝርዝር ካለው እዚያም ለካላንደሩ ይፍቀዱለት። አንድሮይድ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በአፑ ፈቃዶች ውስጥ አላርምና ማስታወሻን የሚመለከተውን ያብሩ፤ ሁሉም የካላንደር አፕ አይጠይቀውም፣ ከጠየቀ ግን ያስፈልገዋል። በቀን አንዴ ለቅጽበት የሚነቃ አፕ ነውና ይህ ሁሉ ፈቃድ በባትሪው ላይ የሚታወቅ ለውጥ አያመጣም። ለዜና ዊጄት ግን ይህንን ፈቃድ አይስጡ።

ፎርስ ስቶፕ የሚለውን አይንኩ። በዚያ መንገድ የቆመ አፕ እርስዎ ራስዎ እስኪከፍቱት አይነሳም፤ በአንድሮይድ 15 ላይ ዊጄቱ ግራጫ ሆኖ መነካትም እምቢ ይላል። ማጽጃ አፖችም ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ።

አፕ ቀይረውም ካልተሻለ የስልኩን ሰዓት ይመልከቱ። በሀገራችን አቆጣጠር እንዲያሳይ ብለው በእጅ ከቀየሩት ምክንያቱ ያ ሊሆን ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስልኩን ሌሊት 1 ሰዓት አድርገው ከሞሉት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር ቀኑ የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ንጋት ላይ ሲነሱ ገና ትናንት ነው። ከሰዓት 1 ብለው ከሞሉት ደግሞ ስድስት ሰዓት ይቀድምና ቀኑ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይገለበጣል። የስልኩን ሰዓት አውቶማቲክ ላይ መልሰው የሀገራችንን ሰዓት የሚያሳይ ዊጄት ቢለጥፉ ሁሉም በቦታው ይውላል።

የካላንደር አፕ ለመምረጥ አንዲት ፈተና እንጨምርልዎ። ወደ ፊት ሄደው የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ይክፈቱ። 6 ቀን ካላሳየ ያን አፕ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሲሞላብኝ አፖቹን ወደ ሚሞሪ አዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አጥፍቼ ሳበራ ዊጄቶቹ ይጠፋሉ፣ ወይም መጫን አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ይመጣል።
ከአዲስ ከተማ

መልስ፦ ስልኩ ሲነሳ ላውንቸሩ ዊጄቶቹን የሚፈልጋቸው ሚሞሪ ካርዱ ተነብቦ ሳያልቅ ነው፤ አፑን ስለማያገኘው ዊጄቱን ይጥለዋል። ዊጄት ያለው አፕ መቀመጥ ያለበት በስልኩ ውስጥ ነው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ አፑ፣ ስቶሬጅ ብለው ወደ ኢንተርናል ይመልሱት፣ ከዚያ ዊጄቱን እንደገና ይለጥፉ። ወደ ሚሞሪ የሚሄዱት ፎቶ፣ ቪዲዮና ሙዚቃ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ አይፎን ነው የምጠቀመው። ዊጄቶቼን ደራርቤ አስቀምጫለሁ። ባትሪ ይጎዳል? ለምንስ መረጃው አንዳንዴ የቆየ ይሆናል?
ከመሐል ከተማ

መልስ፦ መደራረቡ አይጎዳም። አንድ ቁልል እስከ 10 ዊጄት ይይዛል። ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ዊጄቱ ሁልጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም፤ አፑ በየሰዓቱ የሚታየውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ለሲስተሙ ያስረክባል፣ ሲስተሙ በተራው ያሳያል። አዲስ ለመጠየቅ ዕለታዊ ኮታ አለው፦ ቶሎ ቶሎ ለሚታይ ዊጄት በቀን ከ40 እስከ 70 ጊዜ ገደማ፣ ብዙም ለማይታይ ከዚያ ያነሰ። መረጃው የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪው ቢጫ ሲሆን፣ ማለትም ሎው ፓወር ሞድ ላይ ሲገቡ፣ ከኋላ የሚደረገው እድሳት ስለሚቆም ይብሱኑ ይዘገያል። መብራት ጠፍቶ ባትሪ ሲቆጥቡ የአየር ሁኔታው ያረጀ ቢመስልዎ አይደንግጡ።

አንድ የሚስተካከል ነገር ግን አለ። በቦታ ፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ለአየር ሁኔታው አፕ «አፑን ወይም ዊጄቱን ስጠቀም» የሚል ትርጉም ያለውን ይምረጡ፤ «ሁልጊዜ» የሚለው አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተሰክቶ ነው። ባትሪ የማይበላ ጠቃሚ ዊጄት ካለ ንገሩኝ።
ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ሰዓት። የሰከንድ ቆጣሪ የሌለው ሰዓት በደቂቃ አንዴ፣ ያውም ስክሪኑ ሲበራ ብቻ ይቀየራል። ኢንተርኔት የማይጠይቁ የማስታወሻና የባትሪ መጠን ሳጥኖችም ቀላል ናቸው። የእርስዎን ባትሪ ቀድሞ የሚጨርሰው ቀኑን ሙሉ የበራው ስክሪን ነው። ከመስታወቱ ኋላ ጸሐይ ላይ ቻርጅ እየተደረገ የሚውል ስልክ ደግሞ ስለሚግል ባትሪው ቶሎ ያረጃል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ይፈልጉለት።

ለሥራዎ የሚጠቅመው የቀጥታ መደወያ ዊጄት ነው። አዘውትረው የሚደውሉላቸውን ደንበኞች ገጹ ላይ ይለጥፉና በአንድ ንክኪ ይደውሉ፤ ሲነኩት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ዳታም አይፈልግም። ስልክ ማውጫዎ ላይ *804#ን «ቀሪ ሂሳብ» ብለው መዝግበው እንደዚሁ ቢለጥፉት በአብዛኞቹ ስልኮች ቀሪ ሂሳብዎን በአንድ ንክኪ ያያሉ። ባዶ ቦታ ተጭነው ይያዙ፣ ዊጄትስ፣ ኮንታክትስ፣ ከዚያ ዳይሬክት ዳያል። ሁለት ሲም ካለዎት በየትኛው እንደሚደውል አስቀድመው ይምረጡለት፤ አለዚያ በነኩት ቁጥር ይጠይቅዎታል።