«ትራክተሯ ታፈሳለች» ወይስ «ዘይቱ ይፈሳል»?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ዳር ችግኝ አፈላለሁ። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች አነስተኛ የጓሮ ትራክተር አለችኝ። የሃይድሮሊክ ዘይት እየጎደለባት፣ ጠዋት ስትነሳም እየጮኸች ተቸገርኩ። ለመካኒኩ ደውዬ «ዘይቱ ይፈሳል» ብለው «ዘይቱ መፍሰሱንማ ሰማሁ፤ የሚያፈሰው የቱ ነው?» አለኝ። ልጄ ደግሞ «ፍሳሽ አለባት በለው» ይለኛል። የትኛው ነው ትክክለኛ አማርኛ? ድምፁንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ መካኒኩ የጠየቀዎት የሰዋስው ጥያቄ ነው፤ ደግሞም ጥሩ አድርጎ ነው የጠየቀው። «ፈሰሰ» የፈሳሹ ግስ ነው። ውኃ ይፈሳል፣ ዘይት ይፈሳል። «አፈሰሰ» ግን ሁለት ሥራ አለው። ሰው ባለቤት ሲሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ነው፤ እጣቢውን ደጅ አፈሰሰችው እንላለን። ዕቃ ባለቤት ሲሆን ደግሞ መያዝ አቃተው ማለት ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ እንስራው ያፈሳል። ጣሪያው ያደረገው ነገር የለም፤ የተሰጠውን አልያዘም እንጂ። ስለዚህ «ዘይቱ ይፈሳል» ስህተት ባይሆንም መሬት ላይ ያዩትን ብቻ ነው የሚናገረው። «የማንሻዋ ሲሊንደር ያፈሳል» ሲሉ ግን (ሲሊንደሩ በዘይት ግፊት ዘንግ እየገፋ ዕቃ የሚያነሳው ክፍል ነው) ጥፋተኛውን ባለቤት አድርገው አስቀመጡት፤ መካኒኩም የቱን ጎማ ማሸጊያ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

ሲጽፉ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ያፈሳል» ሰን አጥብቀን የምንለው ነው። «ያፍሳል» ሌላ ግስ ነው፤ «አፈሰ» ከሚለው፣ ማለትም እፍኝ አድርጎ ሰበሰበ ከሚለው የመጣ ነው። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» የሚለው ተረት ሁለቱን ግሶች አንድ ላይ አሰልፎ ይዟቸዋል፤ ብዙ ሰው ግን አንድ ግስ ይመስለዋል።

የልጅዎን «ፍሳሽ» አልመርጠውም። ቃሉ ጥንት ምንም ይሁን፣ ዛሬ የከተማ ሰው ጆሮ ላይ ቆሻሻ ውኃ ሆኗል፤ የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት የምንለውም በዚያው ፍቺ ነው። «የሃይድሮሊክ ፍሳሽ» ቢሉት የሚደፋ አሮጌ ዘይት ሊመስል ይችላል።

አማርኛ ለመጠኑም ቃል አላጣም። የሲሊንደሩ ዘንግ ሲወጣና ሲገባ ላዩ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ካለ፣ ግን ካልወረደ፣ «ወዝቷል» ይበሉ። ወዝ ለዘንጉም ይጠቅመዋል፣ አያስደነግጥም። ጠብታ ከሠራ «ያንጠባጥባል»። (እዚህም ያው ሕግ ነው፤ ቱቦው ያንጠባጥባል፣ ዘይቱ ይንጠባጠባል።) ከቀጭን ቀዳዳ እንደ ጉም የሚወጣ ከሆነ «ይረጫል»። እዚህ ላይ ቃሉን ትቼ ስለ እጅዎ ልናገር። ዘይቱ ያለበት ግፊት በትንሽ ማሽንም ቢሆን ከመኪና ጎማ ግፊት ብዙ እጥፍ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ሽንቁር የሚወጣው ቆዳ በስቶ ይገባል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሽማግሌው መካኒክ ካርቶን ቀዶ ቱቦው አጠገብ ቀስ እያለ ሲያንቀሳቅስ አይቻለሁ። ካርቶኑ በድንገት ጠቆረ፤ በዓይን የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። እጅዎን አይስደዱ። ዘይት ቆዳዎን ከበሳ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ማንኛውንም መጋጠሚያ ከመፍታትዎም በፊት የተነሳውን ዕቃ መሬት ያስቀምጡ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከዚያም ግፊቱ እንዲወጣ የማንሻውን መቆጣጠሪያ እጀታ ወዲያ ወዲህ ያድርጉ።

አሁን ወደ ድምፁ። «ትጮኻለች» ብሎ መተው «አሞኛል» ብቻ ብሎ ሐኪም ፊት እንደ መቀመጥ ነው። ሁለት ድምፆችን ይለዩልኝ። አንደኛው ሳይቆራረጥ የሚሄድ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሌሊት ውሻ እንደሚያደርገው «ታላዝናለች» የሚለው ይገልጸዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ፖምፓው የሚበቃው ዘይት ሳይደርሰው ሲቀር የሚመጣ ነው፤ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም ዘይቱ በብርድ ወፍሯል። የሱሉልታን የማለዳ ብርድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዚያ ላይ ፖምፓው ዘይት «ይስባል» እንላለን እንጂ፣ ዘይቱን ከጋኑ ወደ ፖምፓው የሚገፋው የአየር ግፊት ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ ባለው ከፍታ ያ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቆላ ላይ ዝም የሚል ፖምፓ ደጋ ወጥቶ ቢያላዝን አያስገርምም።

ሁለተኛው የተቆራረጠ ነው፤ ጠጠር የገባበት ቆርቆሮ ሲነቀነቅ እንደሚሰማው። ይህን «ይንኳኳል» ይበሉት፤ የዘይቱን ጋን ከፍተውም ዘይቱ አረፋ ይዞ እንደ ወተት ነጥቶ እንደሆነ ይዩ። ከነጣ አየር ገብቶበታል። እዚህ ላይ «ያፈሳል» የሚለው ቃል እኛንም መካኒኩንም ያሳስታል። ከጋን ወደ ፖምፓ በሚወስደው ቱቦ በኩል ቀዳዳ ቢኖር፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ዘይት ከመውጣት ይልቅ አየር ይገባልና። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ማሽኑ ግን ታሟል። እንዲህ ሲሆን ትክክለኛው አባባል «አየር ትስባለች» ነው፤ መካኒኮችም የሚሉት ይህንኑ ነው። በዚያ ቱቦ ማሰሪያ ዙሪያ ትንሽ ግራሶ ሲቀባ ድምፁ ከተለወጠ፣ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው።

ፖምፓ፣ ቱቦ፣ ፊልትሮ፣ ግራሶ እያልኩ የጻፍኩት ዐውቄ ነው። ከጣሊያንኛ መጥተው ጋራዡ ውስጥ አማርኛ ሆነዋል፤ ልንተካቸው ብንነሳ የምናጣው መግባባቱን ነው።

እንግዲህ መልሰው ሲደውሉ፣ ያዩት እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ይበሉት፦ «የማንሻዋ ሲሊንደር አንገቱ ላይ ያንጠባጥባል። ጠዋት ታላዝናለች፣ ስትሞቅ ትተዋለች። ዘይቷ አረፋ የለውም።» ማሸጊያና ፊልትሮ ይዞ ይመጣል።