የምክር አምድ፦ የሠራተኞችን ተወካይ ማን ይምረጥ?

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥጡ በሚባዘትበት በካርዲንግ ክፍል ከተቀጠርኩ ዓመታት አልፈዋል። የፋብሪካውንም የከተማውንም ስም ባልጠቅስ እመርጣለሁ። ሰሞኑን ከመግቢያው በር አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ አስተዳደሩ «የሙያ ደኅንነትና ጤንነት አማካሪ ኮሚቴ» ማቋቋሙን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተለጥፎ አየን። ኮሚቴው ስድስት አባላት ሲኖሩት ሦስቱ አሠሪውን፣ ሦስቱ ደግሞ ሠራተኞችን እንደሚወክሉ ተጽፏል። ከሠራተኞች ተወካዮች አንዷ ሆኜ የተጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ሁለቱ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊና የቀን ፈረቃ መሪያችን ናቸው።

አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የሥራ ባልደረቦቼም አልመረጡኝም። ለምን እንደታጨሁ የሰው ሀብት ክፍሉን ብጠይቅ «ዝምተኛና ሥራሽን አክባሪ ስለሆንሽ ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። ስሜን ያዩት አንዳንዶቹ እንኳን ደስ አለሽ ሲሉኝ፣ ሌሎቹ ደግሞ «አንቺም እንግዲህ የቢሮ ሰው ሆንሽ» እያሉ አጠገባቸው ስደርስ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

በደብዳቤው ላይ ኮሚቴው «የማማከር ሥልጣን ብቻ ይኖረዋል» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «በሥራ ክፍሎች ለሚከሰት የደኅንነት ጉድለት ኃላፊ ይሆናል» ይላል። ከሥሩ አባላቱ የምንፈርምበት ቦታ ተትቷል፤ እኔ እስካሁን አልፈረምኩም።

መነገር ያለበት ነገር ግን ሞልቷል። የአንዱ ማሽን የቀበቶ ሽፋን ጽዳት ያጓትታል ተብሎ ከተነሳ በኋላ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ፈረቃ ሲያበቃ ልብሳችንንና ማሽኑን በኮምፕረሰር አየር እናራግፋለን፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ጉም የወረደበት ይመስላል። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ሰኞ ሰኞ ደረቷን ጭንቅ አድርጎ ይይዛታል፤ ሳምንቱ ሲጋመስ ይተዋታል። ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል እናፈላላታለን።

መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር አለን። ሊቀመንበሩን ባነጋግረው «እኛንም አላማከሩንም፤ ግን ጠብ አንፈልግም» አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ልጆች እያሉን ነገር ውስጥ አትግቢ ይለኛል። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ ልበል? እምቢ ካልኩስ በእኔ ቦታ ማንን ያስገባሉ? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

ከካርዲንግ ክፍል

*

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤው አሁን ባለበት ሁኔታ እንዳይፈርሙበት እመክርዎታለሁ፤ ስምዎን አሰርዘው እንዲወጡ ግን አልመክርም። በሁለቱ መካከል የሚያስኬድ መንገድ አለ፤ እሱም ለማገልገል ፈቃደኛ መሆንዎን ገልጸው፣ የሠራተኞቹ ተወካዮች በሠራተኞቹ እንዲመረጡና የኃላፊነቱ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ከፊርማው ልጀምር፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ማሽን ለማስቆም፣ ሽፋን ለማስገዛት፣ በጀት ለመፍቀድ ሥልጣን የሌለው ኮሚቴ አደጋ ሲደርስ «ኃላፊ» የሚሆንበት አግባብ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኞችን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅን ግዴታ በአንቀጽ 92 የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኞች የሥራቸውን አደገኛነትና ጥንቃቄውን እንዲያውቁ ማድረግ፣ የደኅንነት ሠራተኛ መመደብና ኮሚቴ ማቋቋም፣ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ ማቅረብ፣ የደረሰን አደጋና በሥራ ምክንያት የመጣን በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማሳወቅ፣ ሁሉም የእሱ ድርሻ ነው። በአንቀጽ 93 መሠረት ሠራተኛው የደኅንነት መመሪያዎችን ያከብራል፣ መከላከያውን በአግባቡ ይጠቀማል፣ ያየውን ጉድለት ወዲያው ለአሠሪው ያሳውቃል። የፋብሪካውን ግዴታ በስድስት ሰዎች ፊርማ ወደ እነሱ ማዛወር ግን ከሕጉ ጋር አይሄድም፤ ሆን ተብሎ ባይጻፍ እንኳ፣ አንድ ቀን ሰው እጁን ቢያጣ ያ ወረቀት እርስዎን ለመጠየቂያ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። «የማማከር» በሚለው ቃል ላይ ግን አይከራከሩ፤ ምክሩ በጽሑፍ ከሰፈረና መልስ የሚሰጥበት ቀን ከተቆረጠለት የማማከር ሥልጣን ብዙ ያሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ዝምተኛ ስለሆኑ መታጨትዎን የነገሩዎት ሰው፣ ሳያስበው የአስተዳደሩን ሐሳብ የገለጠልዎ ይመስለኛል። አስተዳደሩ የራሱን ሦስት ሰዎች የመሾም መብት አለው፤ በዚያ ማንም አይከራከረውም። የሠራተኞቹን ሦስት ሰዎችም እሱው ከሾመ ግን ወረቀቱ ላይ ሦስት ለሦስት የሚለው ቁጥር በስብሰባው ቀን አምስት ለአንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የፈረቃ መሪው ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባትም ስለማሽኖቹ ከሁላችሁም የተሻለ ያውቅ ይሆናል። ነገር ግን በቀኑ መጨረሻ የሚጠየቀው ስንት ኪሎ ክር ወጣ ተብሎ ስለሆነ፣ ሽፋን ለመግጠም ማሽኑ ለአንድ ሰዓት ይቁም ሲባል በሁለት ወገን የተወጠረ ሰው ይሆናል። እሱን በአሠሪው ወገን ማስቀመጡ ለኮሚቴውም ለራሱም ይሻላል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊም ቢሆን የመከላከያ ዕቃዎች መቼና ስንት እንደወጡ ስለሚያውቅ ሲፈለግ ተጠርቶ ማስረዳት ይችላል፤ ለዚህ የሠራተኛ ወንበር መያዝ አያስፈልገውም።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 የሠራተኞች ተወካዮች አሠሪው ለደኅንነት ስለሚወስዳቸው እርምጃዎች በቂ መረጃ እንዲሰጣቸውና ተገቢውን ሥልጠና እንዲያገኙ ይደነግጋል። ከስምምነቱ ጋር የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 164 ደግሞ በጋራ ኮሚቴዎች ውስጥ ሠራተኞች ቢያንስ ከአሠሪው ጋር እኩል ውክልና እንዲኖራቸው፣ ተወካዮቹም ይህን ሥራ የሚሠሩበት በቂ ጊዜ ከሚከፈልበት የሥራ ሰዓት ላይ እንዲሰጣቸው ይመክራል። የውሳኔ ሐሳቡ እንደ ስምምነቱ አስገዳጅ ባይሆንም፣ በጥያቄ ደብዳቤዎ ላይ ቢጠቅሱት ጥያቄዎ ከራስዎ ፍላጎት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ያሳያል።

ምርጫውን የማስፈጸም ሥራ የማኅበሩ ነው። ሊቀመንበሩ ጠብ አንፈልግም ማለታቸውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን አባላት ተወካያቸውን ይምረጡ ብሎ ለአስተዳደሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ጠብ አይባልም፤ ማኅበር የሚቋቋመውም ለዚሁ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ኮስተር ቢሉባቸው አይከፋም። ምርጫው በክፍል በክፍል ቢሆን እመርጣለሁ፤ እስር ጥጥ የሚፈታበት ብሎው ሩምና ካርዲንግ አንድ ሰው፣ ፈትል አንድ ሰው፣ ሽመና አንድ ሰው ቢመርጡ አደጋው የሚለያይባቸው ቦታዎች ሁሉ ድምፅ ያገኛሉ። ድምፁ አለቆች በሌሉበት በወረቀት ይሰጥ፤ እጅ በማውጣት ከሆነ ሰው የሚያየው የአለቃውን ፊት ነው። በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ከተደረገ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞችም ይደርሱበታል። ለእያንዳንዱ ተወካይ ተለዋጭ ቢመረጥ ደግሞ አንዱ በወሊድ ወይም በሕመም ፈቃድ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ አይቀርም። በምርጫው ሌላ ሰው ቢያሸንፍዎ ቦታውን በደስታ ይልቀቁለት፤ እርስዎን ከመረጡ ግን «የቢሮ ሰው ሆንሽ» የሚለው ወሬ በዚያው ያበቃል።

ከካርዲንግ ክፍል የሚመረጥ ሰው መኖር አለበት ብዬ የምጸናው የጓደኛዎን ነገር ስላነበብኩ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሩቅም በሽታ አልመረምርም። ሆኖም ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ ደረትን አጥብቆ የሚይዝ፣ ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ የሚቀል ጭንቀት በጥጥ ብናኝ የሚመጣው ቢሲኖሲስ የተባለው የሳንባ በሽታ የታወቀ ምልክት ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ሪቻርድ ሺሊንግ በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችን መርምሮ በሽታውን በደረጃ ሲከፍል መነሻ ያደረገው ይህችኑ የሰኞ ሕመም ነበር፤ በመጀመሪያ አልፎ አልፎ ሰኞ፣ ከዚያ በየሰኞው፣ ከዚያ በሌሎቹም ቀናት፣ በመጨረሻም የመተንፈስ አቅሙ እስከ ወዲያኛው እስኪቀንስ ድረስ። በአገራችንም በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት፣ ከብሎው ሩም ሠራተኞች 43 በመቶ ያህሉ፣ ከካርዲንግ ሠራተኞች ደግሞ ከ37 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ገና ሲጀምር ከብናኙ ከተራቀ ሕመሙ ይለቃል፤ ከቆየ ግን አይለቅም። ስለዚህ ጓደኛዎ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ስትሄድም ሳል አለኝ ብቻ ብላ እንዳትመለስ፣ የት ክፍል እንደምትሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችና በየትኛው ቀን እንደሚብስባት ትናገር። ሐኪሙ ካልተነገረው እንደ ተራ ብሮንካይት ሊያየው ይችላል።

እንግዲህ ይህን የሰኞ ሕመም ከቢሮ ሆኖ ማን ሊያየው ይችላል? በአደጋ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልደማም። የሚያውቁት አብረው የሚሠሩት ብቻ ናቸው። በኮምፕረሰር ማራገፉም እንዲሁ ነው፤ ለአስተዳደሩ ጽዳት ነው፤ ለእናንተ ግን ወለል ላይ ያረፈውን ብናኝ መልሶ ወደ ሳንባ መላክ ነው። በመምጠጫ ማሽን መጥረግ ይቻላል።

የባለቤትዎ ስጋት ከንቱ አይደለም። አዋጁ በአንቀጽ 26 የሠራተኞች ተወካይ ለመሆን መወዳደር ወይም ተወካይ ሆኖ መሥራት፣ እንዲሁም በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ደንግጓል። ይሁንና ተወካይ ስለሆንሽ አሰናበትኩሽ ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም፤ የሚፈለገው ማርፈድ ወይም ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ የሰዓት መቆጣጠሪያዎን በሚገባ ይፈርሙ፣ የሚያስገቡትን ደብዳቤ ሁሉ በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር አሰጥተው ቅጂውን ቤትዎ ያስቀምጡ። ጥያቄውንም ብቻዎን ከሚያቀርቡ ከክፍልዎ ሠራተኞች ጋር ተፈራርማችሁ፣ ለማኅበሩ በግልባጭ ብታስገቡት ዱላው በአንድ ሰው ላይ አያርፍም።

ጥያቄያችሁ ተቀባይነት አግኝቶ ኮሚቴው ሥራ ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ነገር አይደርድሩ። የቀበቶው ሽፋን፣ የኮምፕረሰሩ ነገርና የብሎው ሩምና የካርዲንግ ሠራተኞች የሳንባ ምርመራ በአሠሪው ወጪ እንዲደረግላቸው የሚሉት ሦስቱ ይበቃሉ። እያንዳንዱ በቃለ ጉባኤ ላይ ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽመው ተጠቅሶ ይጻፍ፤ አስተዳደሩ አልቀበልም ካለም ምክንያቱ አብሮ ይስፈር። የቃለ ጉባኤው ቅጂ በዚያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ይጠይቁ።

አስተዳደሩ ምርጫውን እምቢ ቢል፣ ወይም ደብዳቤያችሁን ሳይመልስ ቢያቆየው፣ ማኅበሩ የተለጠፈውን ማስታወቂያና የእናንተን ጥያቄ አያይዞ በክልላችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ ላለው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክት። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ያንን ሽፋን የሌለውን ማሽን ያሳዩት፤ ከመምጣቱ በፊት ሽፋኑ ተገጥሞ ከተገኘም የተገጠመበትን ቀን ጽፈው ይያዙ።