ናይሮቢ አዳሪ ትምህርት ቤት፦ ቅዳሜ ማን ይቀበልልሻል?

እህቴ፣ «12 ዓመት የሞላውን ልጄን ናይሮቢ ኢንተርናሽናል አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባው አስቤያለሁ፤ ልጅ የላካችሁ ምን ትሉኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ልጄን ከአዲስ አበባ የላክሁት መስከረም 2015 ነው። ሁለት ዓመት አዳሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአክስቱ ቤት እየተመላለሰ ይማራል። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ነው የሚከፈለው እያለ ነው። እኔ ግን አንቺን ልጠይቅሽ፤ ናይሮቢ ውስጥ ልጁን ቅዳሜ የሚቀበልልሽ ሰው አለሽ?

አዳሪ ሲባል ልጁ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም። የእንግሊዝን ሥርዓት የሚከተሉት ትምህርት ቤቶች ዓመቱን በሦስት ተርም ይከፍሉታል። በየተርሙ መሃል ደግሞ ለጥቂት ቀን ይዘጋሉ፤ ሃፍ ተርም ይሉታል። ያኔ ብዙ ቦታ ዶርሙም ይዘጋል። ለዚህ ሲሉ ከተማው ውስጥ የሚኖር ተጠሪ ያስሞላሉ። ልጁ ሌሊት ቢታመም የሚደወለውም ለእሱ ነው። እኛ የባለቤቴ እህት ኪሊማኒ የሚባል የናይሮቢ ሰፈር ስለምትኖር ስሟን ሞልተን ላክን። ለእሷ ግን በቅጡ አላስረዳናትም። የመጀመሪያው ሃፍ ተርም ሲደርስ እሷ ለለቅሶ አዲስ አበባ መጥታለች፤ ከእኔው ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ስልኳ ጮኸ። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ጥበቃው ጋ ቁጭ ብሏል። ሌላው ልጅ ሁሉ ሄዷል። በመጨረሻ የክፍል ጓደኛው እናት፣ አንዲት ኬንያዊት፣ «እኔ ልውሰደው» አለች። ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀድሁ አልሰጥም ስላለ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ኢሜይል ጻፍሁ። አራት ቀን እንደ ልጇ አኖረችው። እስከ ዛሬ እንደዋወላለን።

ስለዚህ ዘመድ ካለሽ ሳምንታዊ አዳሪ የሚባለውን ጠይቂ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያድራል፣ ዓርብ ወደ ቤት ይሄዳል። ሁሉም ቦታ የለም። ተመላላሹም ቢሆን ቀላል አይደለም። የንጎንግ መንገድን ትራፊክ አንቺም ታዪዋለሽ። የእኔ ልጅ ሰርቪሱ እንዳያመልጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ቁርሱን ይጨርሳል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ክፍያው በሽልንግ ወይም በዶላር ነው፣ ደመወዛችን ደግሞ በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል የመስከረሙ ክፍያ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ በፊት ባንክ አንዱን ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር የሚሰጠው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛም አዳሪው ይቅር፣ አክስቱ ጋ ሆኖ ይመላለስ አልን። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልሁት። ውሉ ላይ ለውጥ ካለ አንድ ሙሉ ተርም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። ፈርሜበታለሁ፣ አላነበብሁትም። የአንድ ተርም የማደሪያ ክፍያ ልጄ ላላደረበት አልጋ ከፈልሁ። ለምኜም አልሆነም። ያቺን ገጽ ቡናሽን ይዘሽ ቀስ ብለሽ አንብቢያት።

ሌላ የሚያደናግር ነገር፣ የክፍል ቁጥር ነው። ክፍልን «ይር» (ዓመት) ይሉታል፤ የእነሱ ይር 8 የእኛ 7ኛ ክፍል ማለት ነው። ልጁ ክፍል ዘለለ ብለሽ ድግስ እንዳትደግሺ። አይጂሲኤስኢ የሚባለው፣ በእንግሊዝ ሥርዓት ለሚሰጠው ዓለም አቀፍ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ይር 10 እና 11 ላይ በሁለት ዓመት ያልቃል። መሃሉ ላይ የሚገባ ልጅ ይጎዳል። ለእኔ 12 ዓመት ለሙሉ አዳሪ ትንሽ ነው። አሁን ብልክ ኖሮ 13 ወይም 14 ሲሞላው፣ ይር 9 ወይም የይር 10 መጀመሪያ ላይ ነበር። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም፤ ልጁ ቶሎ ራሱን ቻለ ይላል። እውነትም ካልሲውን ራሱ ያጥባል፣ ስዋሂሊውንም እንደ አገሬው ያንበለብለዋል።

አማርኛው ግን ደከመ። ለአያቱ የሚጽፈው መልእክት በላቲን ፊደል ነው። ትምህርት ቤቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ወደ አይቢ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስገባው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም፣ የሚያስገባ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቂ። አይቢ ዲፕሎማ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱን እያስተማረ የሚፈተንበት መንገድ አለ፤ አማርኛም በዚያ ሊፈተን ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጾም የሚጾም ልጅ ከሆነ ወጥ ቤቱን ራስሽ አናግሪ። «ቬጂቴሪያን» ብለን ሞላን፣ ዓቢይ ጾምን እንቁላልና አይብ ሲያቀርቡለት ከረሙ። «ቪጋን»፣ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የማይበላ፣ ስንላቸው ገባቸው። በዓሉንም ቀድመሽ አስቢበት። ገና ሲደርስ ተርም ሊከፈት ነው ወይም ተከፍቷል። በ2016 የእነሱ ፋሲካ መጋቢት 22 ነበር፣ የእኛ ሚያዝያ 27። የፋሲካ ዕረፍታቸው አልቆ ልጁ ተመልሶ ገብቶ ነበር። ዶሮውን በቪዲዮ ነው ያሳየሁት፣ እሱም ሳቀ፣ እኔ ግን ስልኩ ሲዘጋ አለቀስሁ።

ግቢውን ለማየት ስትሄጂ ለወላጆች በተዘጋጀው የጉብኝት ቀን ብቻ አትሂጂ። ያኔ የሚያሳዩሽ መዋኛውንና ቤተ ሙከራውን ነው። አስፈቅደሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶርሙን እይ። ወሳጅ ያለው ልጅ ሁሉ ወጥቶ የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ሞግዚቷ አብራቸው ተቀምጣለች ወይስ በሩን ዘግታ ቴሌቪዥን ታያለች? ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ አልገፋ ይለው የነበረው ሰዓት እሱ እንደነበረ የነገረኝ ከወጣ በኋላ ነው።