መልስ፦ የአሜሪካውን ኪራይ ቤት ደሴ ሆኜ ብሸጥ፣ ጠይቄው የማላውቀው የእርጅና ተቀናሽ ግብሩን ይነካል?

አዎ፣ ይነካል ወንድሜ። የእርጅና ተቀናሽ ማለት ቤቱ በየዓመቱ ያረጃል ተብሎ ከኪራይ ገቢህ ላይ የሚቀነስልህ ነው። ተቀናሹን ባትወስድም መውሰድ ትችል ስለነበር አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) እንደወሰድከው ይቆጥረዋል። «አንድም ዓመት አልተጠቀምኩበትም» ብትል አይሰማህም።

በጻፍከው ቁጥር እንየው። ቤቱን በ300,000 ዶላር ገዛህ፤ 80,000ው የመሬቱ ነው። መሬት አያረጅም። (እኛ አገር መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ይህን መለየት አልለመድንም።) የቀረው 220,000 ሕጉ ለመኖሪያ ኪራይ ቤት ለሚሰጠው 27.5 ዓመት ሲካፈል በዓመት 8,000፣ ባከራየህበት 10 ዓመት 80,000 ይመጣል። ስለዚህ ትርፍህ የሚሰላበት መነሻ ዋጋ (መሬቱን ጨምሮ) ከ300,000 ወደ 220,000 ይወርዳል።

በ400,000 ብትሸጠው፣ የደላላውንና የሽያጩን ወጪ ትተን፣ ትርፍህ 100,000 ሳይሆን 180,000 ነው። 80,000ው ላይ እስከ 25 በመቶ ይጣላል፤ ቀሪው እንደ ገቢህ መጠን 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ።

መፍትሔ አለው፦ በሸጥክበት ዓመት የግብር ማሳወቂያ ላይ ፎርም 3115 (የሂሳብ አያያዝ ለውጥ ማመልከቻ) አያይዘህ ያመለጠህን ተቀናሽ ሁሉ ባንዴ ውሰድ። ይህን ሳታደርግ እንዳትዘጋው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የተመለሱ ሰዎች «ከአምስት ዓመት ሁለቱን ኖሬበታለሁ፣ ነፃ ነኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ያ ከመሸጡ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ሁለቱን በቤቱ ለኖረ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ትርፍ ከግብር ነፃ የሚያደርግ መብት የእርጅናውን ድርሻ አይሸፍንም፤ እሱ ለብቻው ይከፈላል።